መክሳት ሁሌ ቫይረሱ አይደለም

እስቲ አንዲት ሴት እናስብ። ዕድሜዋ ሃምሳን እየተጠጋ ነው። የኤችአይቪ ቫይረስ በደሟ ውስጥ እንዳለ ያወቀችው በ1997 ዓ.ም. ነው። የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነጻ መሰጠት የጀመረው በዚያው ዓመት ነበር። ያኔ ሆስፒታል የገባችው ሰው ደግፏት ነው። ዛሬ ሠርታ ታድራለች። ልጆቿን አሳድጋለች። ክኒኗን አንድ ቀን አጓድላ አታውቅም። ቫይራል ሎድ፣ ማለትም በደሟ ያለው የቫይረስ መጠን፣ ስትመረመር ውጤቷ ሁሌም ጥሩ ነው።

ካለፉት ሁለት ወራት ወዲህ ግን ቀሚሷ ሰፍቷታል። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ትነሳለች። አፏ ይደርቃል። ውኃ ብትጠጣ ብትጠጣ አትረካም። ሲመሽ ውስጥ እግሯን ያቃጥላታል። ጎረቤቷ «ምነው ከሳሽ?» ስትላት ክው ትላለች። ለማንም ሳትናገር በልቧ ትደመድማለች፦ መድኃኒቱ እምቢ ብሎኛል፤ ቫይረሱ ተነስቶብኛል።

ይህችን ሴት ያሰብኳት ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ነው። እንደሷ የሚደነግጡ ሰዎች ግን በእውን አሉ። እሷን ያከሳት ደግሞ ቫይረሱ ላይሆን ይችላል። ምልክቶቿን አንድ በአንድ ላየው ሰው የስኳር በሽታ ይመስላሉ። ከጣቷ ጠብታ ደም ወስዶ ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የሚያሳዝነው ያንን አንድ ደቂቃ የሚሰጣት ሰው ላታገኝ መቻሏ ነው። የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጠው የኤአርቲ ክፍል ቫይረሱን ይከታተላል። የስኳር ክሊኒኩ ስለመኖሯም አያውቅም።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው። መድኃኒት ሰጥተን ሃያ ዓመት ያኖርናቸውን ሰዎች፣ ክኒናቸውን በሚወስዱበት በዚያው ክፍል ስኳራቸውንም ልንለካላቸው ይገባል። ሌላ ቀን፣ ሌላ ወረፋ፣ ሌላ ካርድ ሳይባል።

ኪሎ ሲጨምር እልል ያልንበት ዘመን

ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። መክሳት በኛ አገር ትርጉሙ አንድ የሆነበት ጊዜ ነበር። ሰው ሲከሳ ሰፈሩ ይንሾካሾካል። ልጅ ከከሳ እናት እንቅልፍ ታጣለች። ከዚያ መድኃኒቱ መጣ። አልጋ ላይ የዋለው ሰው ሥጋ መልሶ ብድግ ሲል ዘመድ እልል አለ። «ወፈረ»፣ «ሞቅ አለው»፣ «ተመቸው» የሚሉት ቃላት የምሥራች ሆኑ።

ክሊኒኩም ያስተማረው ይህንኑ ነው። ሚዛን ላይ ቁሚ፣ ጎበዝ፣ ሁለት ኪሎ ጨምረሻል። በጣም ለከሱት ፕላምፒነት የሚባለው የለውዝ ማጎልበቻ ምግብ ይታዘዝላቸው ነበር። ትክክል ነበር። ያኔ የሚገድለው መክሳቱ ነበርና።

ያ ትምህርት ግን ልባችን ውስጥ እንደገባ ቀረ። ዛሬ በሁለቱም በኩል ያሳስተናል። ወገብ ሲሰፋና ቦርጭ ሲመጣ ማንም አይደነግጥም፤ ጤና ነው ተብሎ ይታለፋል። ስኳር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው። ሰውየው ሲከሳ ደግሞ ወዲያው ቫይረሱ ይጠረጠራል። ያን ጊዜ ግን ስኳሩ ገፍቶ ሊሆን ይችላል። ሰውነት በደም ውስጥ ያለውን ስኳር መጠቀም ሲያቅተው የራሱን ስብና ጡንቻ እያነደደ ይኖራል። መክሳቱ ከዚያ ነው።

ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው ከስኳር ምልክቶች በርካታዎቹ አንድ ጊዜ የቫይረሱ ምልክቶች የነበሩ መሆናቸው ነው። አፍ ውስጥ የሚወጣውን ነጭ ነገር ውሰዱ። የበሽታ መከላከያው ለተዳከመ ሰው ይወጣል። ስኳሩ ከፍ ላለ ሰውም ይወጣል። ሴቶችን በተደጋጋሚ የሚያሳክካቸው የብልት ፈንገስም እንደዚያው ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሲመጣ ሁሉም «ቫይረሱ ነው» ብሎ ይደመድማል። ስኳር በሽታ ግን በራሱ ነቀርሳ የመያዝን ዕድል ሦስት እጥፍ ያህል ያሳድጋል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ለነቀርሳው ጥሩ በር ይከፈትለታል።

የእግር ማቃጠሉ ከሁሉም ይበልጥ ያሳስበኛል። ከዓመታት በፊት ስታቩዲን የሚባለውን የፀረ-ኤችአይቪ ክኒን የወሰዱ ሰዎች ይህን ስሜት በደንብ ያውቁታል። መርፌ መርፌ ይላል፣ እሳት ላይ የቆሙ ያህል ያቃጥላል፣ ሌሊት አንሶላ ሲነካው እንኳ ያማል። መድኃኒቱ ከተቀየረላቸው በኋላም ያልለቀቃቸው አሉ። ስለዚህ ማቃጠሉ እንደገና ሲጀምር ወይም ሲብስ «የድሮው ነው» ብለው ይተዉታል። ሐኪሙም እንደዚያው ሊል ይችላል። ስኳር ደግሞ ነርቭን የሚጎዳው በዝምታ ነው። መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ከዚያ ያደነዝዛል። የደነዘዘ እግር ጠጠር ቢወጋው አይሰማም። ቁስሉ የሚታወቀው ካመረቀዘ በኋላ ነው።

ስኳሩ ከየት መጣ?

ምክንያቱ ብዙ ነው። ከፊሉ የማንኛውም ሰው ምክንያት ነው። ዕድሜ፣ በቤተሰብ ስኳር መኖር፣ ውፍረት፣ ቁጭ ብሎ መዋል። በ1997 ዓ.ም. የሠላሳ ዓመት ወጣት የነበረው ሰው ዛሬ ሃምሳን አልፏል። ቫይረስ ባይኖርበትም ስኳሩን መለካት የሚገባው ዕድሜ ላይ ነው። ሻዩ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ ቁርስ ዳቦ፣ ምሳ ፓስታ የከተማው ኑሮ ነው።

ቫይረሱም የራሱ ድርሻ አለው። መድኃኒቱ ቫይረሱን ጸጥ ያሰኘዋል እንጂ ከሰውነት አያወጣውም። በሽታ የመከላከል ሥርዓቱ ለዓመታት በትንሹ እንደተቆጣ ይኖራል። ይህ የማያባራ ቁጣ ሰውነት የኢንሱሊንን ትእዛዝ እንዳይሰማ ያደርጋል። ኢንሱሊን ቆሽት የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ነው፤ ስኳሩን ከደም አውጥቶ ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ያስገባል። ጡንቻው አልሰማ ሲል ቆሽት ድምፁን ከፍ እያደረገ፣ ብዙ እያመነጨ ይቀጥላል። አንድ ቀን ይደክመዋል።

ከዚያ የመድኃኒቶቹ ታሪክ አለ። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል።

ቫይረሱ እንዳይራባ የሚያግዱት፣ የመጀመሪያዎቹ ፕሮቲየዝ ከልካይ የሚባሉት መድኃኒቶች አሜሪካ ውስጥ የተፈቀዱት እ.ኤ.አ. በ1995 መጨረሻ ነው። ሰዎችን ከሞት አፋፍ መለሱ። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በሰኔ 1997 እ.ኤ.አ.፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ማስጠንቀቂያ አወጣ። መድኃኒቶቹን የሚወስዱ አንዳንድ ሰዎች ስኳራቸው እየጨመረ፣ አዲስ የስኳር ሕመም እየያዛቸው ነበር። በኋላ እንደተረዳነው ከነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ፣ በተለይ ኢንዲናቪር፣ ስኳርን ወደ ጡንቻ የሚያስገባውን በር በቀጥታ ይዘጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ መድኃኒት ላይ ያሉ ወንዶች ቫይረሱ ከሌለባቸው ወንዶች ጋር ሲነጻጸሩ በስኳር የመያዛቸው መጠን ከአራት እጥፍ በላይ መሆኑን አሳየ። ያ የድሮዎቹ መድኃኒቶች ዘመን መሆኑን ልብ በሉ።

እኛ አገር ብዙ ሰው የጀመረው በነዚያ አልነበረም። የጀመረው ከላይ ባነሳሁት በስታቩዲን ነው። ርካሽ ነበር፤ ይገኝ ነበር። ሕይወት አትርፏል። ግን ጉንጭን ያሟሽሽ ነበር። የክንድና የእግር ስብ ይጠፋል፣ ደም ሥር ይገተራል፣ ሆድ ብቻ ይቀራል። ሰው የሚደነግጠው መልኩ ምስጢሩን ያወጣብኛል ብሎ ነበር። እውነትም ነበረው። ከቆዳ ሥር የጠፋው ስብ ግን ሌላ መዘዝ አለው። ትርፉን የሚያስቀምጥበት ቦታ ያጣ ሰውነት ጉበትና ሆድ ውስጥ ያከማቸዋል። ያ ደግሞ ወደ ስኳር የሚወስድ መንገድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 አገሮች ስታቩዲንን ቀስ በቀስ እንዲተዉ መከረ። ዛሬ የለም። ለዓመታት የወሰዱት ሰዎች ግን አሉ። አሻራውም አብሯቸው አለ። አንድ ሐኪም «ስንት ዓመት ስታቩዲን ወሰድሽ?» ብሎ ቢጠይቅ የጥንት ታሪክ እየቆፈረ አይደለም። ስለዛሬው ስኳሯ እየጠየቀ ነው።

አንድ ነገር በጎን ላንሳ፤ ስለዚህ ሲነገር አልሰማሁምና። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በመተማና በሁመራ ቆላዎች፣ ሰሊጥ ለማጨድ ከሚወርዱ የቀን ሠራተኞች መካከል ካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ) እና ኤችአይቪ አንድ ላይ የሚይዛቸው አሉ። ካላዛሩ እየተመላለሰ ሲያስቸግር እንዳይመለስ ፔንታሚዲን የሚባል መርፌ በየወሩ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ይህ መድኃኒት ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሴሎች ሊጎዳ ይችላል። መጀመሪያ ስኳርን በድንገት ያወርዳል፣ ሴሎቹ ሲጠፉ ደግሞ ስኳር በሽታ ያመጣል። ያ ሠራተኛ ሥራው ሲያልቅ ወደ አገሩ ይመለሳል። ከወራት በኋላ በጤና ጣቢያው ደጅ ከስቶ ሲመጣ የመርፌውን ነገር የሚያነሳለት ካልተገኘ ምን እንደሚባል መገመት ቀላል ነው።

ዶሉቴግራቪር ጥፋተኛ ነው?

ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚወስደው በቀን አንድ ጊዜ የምትዋጠውን፣ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር አንድ ላይ የያዘችውን ክኒን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ዶሉቴግራቪርን ቀዳሚ ምርጫ አደረገው። አገራችንም በዚያው ሰሞን ወደሱ ዞረች። ቫይረሱን ቶሎ ይዘጋል። ቫይረሱ በቀላሉ አይላመደውም። ቅዠትና ማዞር የሚያበዛውን ኤፋቪሬንዝን ስለተካ ብዙ ሰው እፎይ ብሏል።

ከዚያ ከካምፓላ ወሬ መጣ። በዚያ ያለ የተላላፊ በሽታዎች ተቋም ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጽሑፍ፣ ወደ ዶሉቴግራቪር ከተቀየሩ 3,417 ሰዎች መካከል 16ቱ ስኳራቸው ከፍ ብሎ መገኘቱን ገለጹ። ዶሉቴግራቪር ካልወሰዱ 3,230 ሰዎች መካከል ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር። ብዙዎቹ የታመሙት መድኃኒቱን በቀየሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ነበር።

ቁጥሩን በሁለት መንገድ ማንበብ ይቻላል። ከሺህ አምስት ሰው ገደማ ነው፤ ትንሽ ነው። ግን ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ወሬው ከኡጋንዳ መምጣቱም ለኛ ትርጉም አለው፤ የኛን የሚመስሉ ሰዎች፣ የኛን የሚመስል ታሪክ ያላቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ የተደረጉት ጥናቶች አንድ ዓይነት ነገር አልተናገሩም። አንዳንዱ ጭማሪ አየ፤ አንዳንዱ ምንም አላየም። እኔ የማምነው እንዲህ ነው። ዶሉቴግራቪር አብዛኛውን ሰው ስኳር አያስይዝም። ቆሽቱ አስቀድሞ የደከመን ጥቂት ሰው ግን ሊጥለው ይችላል። ያን ሰው አስቀድሞ ማወቂያው መለካት ነው።

ክብደትም አለ። ጆሃንስበርግ ላይ 1,053 ሰዎችን ያሳተፈው አድቫንስ የተባለ ጥናት፣ ዶሉቴግራቪር የጀመሩት ከኤፋቪሬንዝ ወሳጆች ይበልጥ እንደወፈሩ አሳይቷል። ሴቶቹ ከወንዶቹ የበለጠ ጨመሩ። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮችን የተከታተለ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ሕክምና ከጀመሩ በኋላ በጨመሩት በየሁለት ኪሎ ከሩብ ገደማ የስኳር አደጋቸው ቫይረሱ ያለባቸው ላይ 14 በመቶ፣ የሌለባቸው ላይ 8 በመቶ ከፍ እንደሚል አገኘ። ያው ኪሎ ነው። ቫይረሱ ያለበት ሰው ላይ ግን ከብዶ ይቆጠራል።

እዚህ ላይ የማንም ልብ እንዳይሸፍት አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ስኳር ፈርቶ ክኒኑን ማቆም ከስኳሩ የከፋ ነው። ይህ የኔ ምክር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ስማርት የተባለው ጥናት 5,472 ሰዎችን በሁለት ከፍሎ አየ። አንዱ ወገን መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወሰደ፤ ሌላው እያቋረጠ። ያቋረጡት ይበልጥ ታመሙ፣ ይበልጥም ሞቱ። የልብ ሕመም እንኳ በነሱ ላይ ባሰ። መድኃኒቱ መቀየር ካለበት ሐኪሙ ይቀይረዋል። ራስን ማስቆም ግን አይሆንም።

የትኛው ምርመራ እውነቱን ይናገራል?

በባዶ ሆድ፣ ማለትም ቢያንስ ስምንት ሰዓት ምንም ሳይበሉ የተለካ ስኳር 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በሌላ ቀን ተደግሞም ያው ከሆነ፣ ስኳር በሽታ ነው። ከ100 እስከ 125 ያለው ማስጠንቀቂያ ነው። የጥማትና የሽንት ምልክት ያለበት ሰው በማንኛውም ሰዓት ተለክቶ 200 እና ከዚያ በላይ ከተገኘ መጠበቅ አያስፈልግም።

የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የኤችቢኤዋንሲ ምርመራ ለሌላው ሰው ጥሩ ነው። ከፍ ያለ ገንዘብ የሚከፈልበትም ስለሆነ ሰው ይበልጥ ያምነዋል። ቫይረሱ ባለበት ሰው ላይ ግን ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ይወጣል። እንደ ዚዶቩዲን ያሉ የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒቶች የቀይ ደም ሴሎችን ባሕርይ ስለሚቀይሩ ነው። ስለዚህ በግል ላብራቶሪ ከፍላ «ኖርማል ነው» የተባለች ሴት በእርግጥ ኖርማል ላትሆን ትችላለች። የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር ለነዚህ ሰዎች የሚመክረው የባዶ ሆዱን መለኪያ ነው፦ መድኃኒት ከመጀመራቸው በፊት፣ መድኃኒት ሲቀየር፣ ከተቀየረ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ፣ ከዚያ በየዓመቱ።

የሽንት ምርመራም ሊያሳስት ይችላል፤ በተቃራኒው በኩል። ቴኖፎቪር በአንዳንድ ሰው ላይ ኩላሊትን ሲጎዳ ስኳር በሽንት ይፈስሳል። ሽንቱ ውስጥ ስኳር አለ፣ ደሙ ግን ጤነኛ ነው። ያ ሰው የስኳር መድኃኒት ሳይሆን የኩላሊት ምርመራ ነው የሚያስፈልገው።

ስለሚወርድ ስኳርም አንድ ቃል። ሌላ ኢንፌክሽን እንዳይይዝ ብዙ ሰው የሚወስደው ኮትሪሞክሳዞል፣ በተለይ ኩላሊቱ በደከመ ሰው ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን በሚወስድ ሰው ላይ፣ ስኳርን ከሚገባው በታች ሊያወርድ ይችላል። ላብ ላብ ካለ፣ እጅ ከተንቀጠቀጠ፣ ልብ በፍጥነት ከመታ፣ ስኳር ያለው ነገር ቶሎ መቅመስ ነው። የሁዳዴ ጾምና ረመዳን ሲመጣ ይህ ነገር ይበረታል። ጾሙ ሊገባ ሲል ሐኪምን ማማከር ከምእመንነት አያጎድልም።

የተላጠው ብልቃጥ

አሁን ወደዚያች ሴት እንመለስ። ስኳር እንዳለባት ታወቀ እንበል። ወደ ስኳር ክሊኒክ ተላከች። እዚያ አዲስ ካርድ ወጣላት፣ አዲስ ሐኪም ገጠማት። «ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» አላት። ክፍሉ ውስጥ ሌሎች ታካሚዎች አሉ። በሩ ክፍት ነው። «የለም» አለች።

ማንም አይፍረድባት። ሃያ ዓመት ምስጢሯን የጠበቀችው እንዲህ ነው። መድኃኒቷን ወስዳ ስትወጣ ከብልቃጡ ላይ ያለውን ወረቀት ትልጣለች። እንዳይንኳኳ ጥጥ ትጨምርበታለች። አሁን በአንድ ጥያቄ እንዴት ታፍርሰው?

ሐኪሙ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን አዘዘላት። ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ርካሽም ነው። ግን ዶሉቴግራቪር ሜትፎርሚን በኩላሊት በኩል እንዳይወጣ ያግደዋል። በቀን አንድ ጊዜ 50 ሚሊግራም ዶሉቴግራቪር የሚወስድ ሰው ደሙ ውስጥ የሚገኘው ሜትፎርሚን በ79 በመቶ ይጨምራል። ለዚህ ነው ሁለቱን አንድ ላይ የሚወስድ ሰው በቀን ከ1,000 ሚሊግራም ሜትፎርሚን እንዳያልፍ የሚመከረው። ይህን የማያውቅ ሐኪም ስኳሯ አልወርድ ሲል መጠኑን ወደ 2,000 ሊያሳድገው ይችላል። ትውከቱ፣ ተቅማጡ፣ የኩላሊት ችግር ካለባት ደግሞ በደም ውስጥ አሲድ የመብዛቱ አደጋ ይከተላል።

ነቀርሳ ከተጨመረ ስሌቱ እንደገና ይቀየራል። ከነቀርሳው መድኃኒት ከሪፋምፒሲን ጋር ዶሉቴግራቪር ቀን ሁለት ጊዜ ይሰጣል። ያን ጊዜ የሜትፎርሚኑ ጉዳይ እንደገና መታየት አለበት። ሪፋምፒሲን ደግሞ የግሊቤንክላማይድን ጉልበት ይቀንሳል። ይህን ሁሉ አንድ ታካሚ በጭንቅላቷ ይዛ በሦስት ክፍል መካከል እንድትመላለስ መጠበቅ አይገባም።

በውጭ ያሉ ወገኖቻችንም ከዚህ አያመልጡም። አሜሪካ ብዙዎች የሚወስዱት ቢክታርቪ የሚባለው የኤችአይቪ ክኒን ውስጥ ያለው ቢክቴግራቪር ሜትፎርሚንን በ39 በመቶ ያህል ያሳድጋል። ከዶሉቴግራቪር ያነሰ ነው፤ ሐኪሙ ግን ማወቅ አለበት። እዚያ ያለው እንቅፋት ሌላ ነው። አስተርጓሚው ከዚያው ከተማ አበሻ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ወይም ሠርግ ላይ ይገናኛሉ። ስለዚህ ሰው አስተርጓሚ አልፈልግም ይላል፤ በተሰባበረ ቋንቋ ግማሹን ተናግሮ ግማሹን ይውጣል። በስልክ፣ ከሌላ ግዛት የሆነ አስተርጓሚ መጠየቅ እንደሚቻል ብዙ ሰው አያውቅም። ይቻላል።

ሁለት መስኮት

ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 600 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ከቫይረሱ ጋር ይኖራሉ። የኤችአይቪ ሕክምናው ነጻ ነው። ክኒኑ ነጻ፣ ቫይራል ሎዱ ነጻ። ወጪውን ለዓመታት በአብዛኛው የሸፈኑት የአሜሪካ መንግሥት የኤችአይቪ ዕርዳታ የሆነው ፔፕፋርና ግሎባል ፈንድ የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ናቸው። ስኳሩ ግን ሌላ መስኮት ላይ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው በመድኑ ይታከማል። የሌለው ከኪሱ ይከፍላል። መድን ያለውም ቢሆን ሆስፒታሉ ውስጥ መድኃኒቱ ካለቀ ወደ ውጭ ፋርማሲ ይሄዳል።

ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ ጤናቸው የተረጋጋ ሰዎች በስድስት ወር አንዴ ብቻ እንዲመጡ ተደርጓል። እኔ ይህን እደግፋለሁ። ከሥራ አያስቀርም፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ያድናል፣ ወረፋውን ያቀልላል። ግን «የተረጋጋ» የሚለው ቃል የሚያየው ቫይረሱን ነው። ቫይረሷ የተረጋጋ ሴት ስኳሯ ላይረጋጋ ይችላል። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የምትገኝ ሴት ደግሞ በነዚያ ሁለት ቀናት ካልተለካች መቼ ትለካለች?

ጊዜውም ከብዷል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታን ሲያቆም በዚያ ገንዘብ የሚከፈላቸው በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ባለሙያዎች ሥራ ተቋረጠ። ገንዘብ ሲጠብ ሁሉም የሚለው አንድ ነው፦ ዋናውን እናድን፣ ሌላው ይቆይ። ለኔ ግን ስኳር «ሌላው» ውስጥ መግባት የለበትም። ሃያ ዓመት የተለፋበትን ሰው ዓይኑን ወይም እግሩን አጥቶ ማየት የድካማችንን ፍሬ ማጣት ነው። የጣት ደም መለኪያ ውድ ዕቃ አይደለም። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ ደሙ የሚነካባት ወረቀት፣ ስትሪፑ ነው፤ እሱንም ከኤችአይቪ መድኃኒቱ ጋር በአንድ ጥያቄ ማዘዝ ይቻላል። ሚዛኑ እዚያው አለ። የደም ግፊት መለኪያው አለ። ራሳቸው ከቫይረሱ ጋር እየኖሩ ሌላውን የሚደግፉ ሰዎችም በየክፍሉ አሉ። «ሌሊት ስንት ጊዜ ትነሻለሽ?» ብሎ ለመጠየቅ ከነሱ የተሻለ የለም። ሰው ለነሱ አይዋሽም።

ነርሷም ከስድስት ወር በፊት የተመዘገበውን ኪሎ ካርዱ ላይ ዞር ብላ ትመልከት። አምስት ኪሎ የጨመረች ሴት ልትመሰገን ሳይሆን ልትለካ ነው የሚገባት። ወገቧም በሜትር ቢለካ ጥሩ ነው። ስለ ምግብ ሲነሳ ደግሞ በአንዴ ሁሉንም ክልከላ አናድርገው። ከሻዩ ስኳር ይጀመር። ለስላሳው ይቅር። ሽሮና ምስር ጠላት አይደሉም። ከመኝታ በፊት ከሚበላው እራት ጥቂት ቀነስ፣ ቀን ላይ ግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ። ታክሲው ከሚቆምበት አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድም መንገድ ነው።

የዚያች ሴት ቀጠሮ ኅዳር ላይ ነው። ገና አራት ወር ይቀረዋል። ቀጠሮ ሳይደርስ መሄድ የማይቻል የሚመስላት ብዙ ናት፤ ሕመም ያለበት ግን በማንኛውም ቀን ሄዶ መታየት ይችላል። ነገ ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ትውጣ። ክኒኖቿን ሁሉ፣ ያንን የተላጠውን ብልቃጥ ጭምር፣ በፌስታል ትያዝ። ክፍሉ ውስጥ ስትገባ ስለ ቫይረሱ ከመጠየቋ በፊት «ስኳሬን ለኩልኝ» ትበል፤ ጣቷንም ትዘርጋ።